በዝርዝሩ ያልገባው ቀን

ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለእትዬ ጥሩብርሃን፤

ባሉበት በስዊድን አገር ጤናዎን አምላክ ይጠብቅልኝ፤ ልጅዎን መሲንና ሕፃኗንም እንዲሁ። እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቼ ደህና ነን።

ስለ ልጅዎ ስለ ድረስ የጠየቁኝን በቃል ከመመለስ በጽሑፍ ማድረስ የተሻለ ስለመሰለኝ፣ ከመዝገብ ያገኘሁትን በቀኑ ቅደም ተከተል አስፍሬአለሁ።

ሰኔ 6 ቀን 2014፦ ድረስ በድርጅታችን የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ጤና ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ በደምበጫ ዙሪያ ሥራ ጀመረ።
ሐምሌ 8፦ የስልሳ አራት እናቶችን መጠይቅ ሞልቶ አስረከበ።
ነሐሴ 3፦ የማረጋገጫ ቡድን ከስልሳ አራቱ አሥራ አንዱ በየቀበሌያቸው በስም ተፈልገው እንዳልተገኙ ሪፖርት አቀረበ።
ነሐሴ 5፦ ሠራተኛው በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ቀርቦ መልስ እንዲሰጥ ጥሪ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጠፈ።
ነሐሴ 12፦ የተሰጠው ጊዜ አበቃ። ሠራተኛው አልቀረበም።
ነሐሴ 13፦ ተጠርቶ ባለመቅረቡና የሌሉ እናቶችን መጠይቅ እንደሞላ ስለታመነ ከሥራ እንዲሰናበት ተወሰነ።
ነሐሴ 17፦ የስንብት ደብዳቤው ተሰጠው።

ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ ድርጅቱ መረጃ የለውም። በደምበጫ የሚወራውን፣ ማለትም የሞቱ ሕፃናትን ከራሱ ፈጥሮ ጻፈ የሚባለውን፣ ድርጅቱ አላሰራጨም። ይህን የምጽፍልዎ የድርጅቱ የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ ሆኜ ሳይሆን እንደ ዘመድ መሆኑን ይረዱልኛል።

አክባሪ ልጅዎ
ዘመንፈስቅዱስ


ጎተንበርግ
ጥቅምት 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዘመንፈስቅዱስ፤

እንደ ምን ሰንብተሃል? ልጆችህን በሁለቱም ጉንጫቸው ሳምልኝ። እኔ የመሲን ልጅ እያጫወትሁ አለሁ። ስታድግ አማርኛዋ የደምበጫ እንዲሆን ተግቼ እየሠራሁ ነው፤ እናቷ ግን ከማን ጋር እንድታወራበት እንደሆነ ትጠይቀኛለች።

ደብዳቤህን መሲ በወረቀት አትማ ሰጠችኝና እንደ ድሮው እስክሪብቶ ይዤ አነበብሁት። ንጹሕ ነው። አራተኛ ክፍል ሳስተምርህም ደብተርህ ንጹሕ ነበር። ነገር ግን በደብዳቤህ ውስጥ ሰው አጣሁ። ተለጠፈ፣ ተወሰነ፣ ታመነ ትለኛለህ። ማን ለጠፈ? ማን ወሰነ? ያመነውስ ማን ነው?

ሃያ ሁለት ዓመት ርዕሰ መምህር እንደነበርሁ ታውቃለህ። አንድ ጊዜ አንድ መምህር ተማሪ ደብድቦ ጆሮዋን ጎዳት ተብሎ ወላጅ ግቢዬን ሞላው። መምህሩን ቢሮዬ አስገብቼ በሩን ዘጋሁና «በል፣ አንተ ንገረኝ» አልሁት። ጥፋተኛ ነበር፤ አሰናበትሁት። ከአፉ ሰምቼ ግን ነው። አለቃ ማለት ከውጭ ሲጮኽ በሩን ዘግቶ ውስጥ ያለውን የሚሰማ ሰው ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ሌላም አለ። ከነሐሴ 5 እስከ 12 ያልኸው ፍልሰታ ነው። ልጄ ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ፍልሰታን ከተማ ውሎ አያውቅም። መርጡለ ማርያም ይሄዳል፣ ስልኩን ይዘጋል፣ ሱባኤውን ይይዛል፤ ከበዓሉ በኋላ ከስቶ ይመለሳል። አንተም ከቤቴ ሆነህ ስትማር ሁለት ዓመት አብረኸው ሄደሃል። ስንቃችሁን የቋጠርሁት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ፈቃድ ሳይጠይቅ ነው የሄደው?

መስከረም 1 ቀን ደወለልኝ። «ሥራ በዝቶብኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሣም። እዚህ ዛፉ ሁሉ ረግፏል። በእኛ ዘንድ ይህ ወር የአደይ አበባ ሽኝት፣ የጤፍ ማማር ነው። የገበያ ፈረሶች በትምህርት ቤቱ ደጅ ሲያልፉ የሚሰማኝ የቃጭላቸው ድምፅ ሳይቀር ናፍቆኛል፤ ያኔ ማስተማሬን ስለሚያቋርጥብኝ እረግመው ነበር።

ጥሩብርሃን


ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለእትዬ ጥሩብርሃን፤

የብርዱ ወራት እንዳይጎዳዎ ከልብ እመኛለሁ። በሥራ መደራረብ ምክንያት መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጥሪውን የለጠፈው የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ነው። ውሳኔውን የሰጠው ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሲሆን፣ አባላቱም ሥራ አስኪያጁ አቶ እንዳላማው፣ የመስክ አስተባባሪዋ ወይዘሮ ፀደንያ እና የሰው ሀብት ኃላፊው ናቸው። በወቅቱ ጥናቱን የሚደግፈው የውጭ አጋር ስለ አሥራ አንዱ መጠይቅ በየቀኑ ማብራሪያ ይጠይቅ ነበር። ርምጃ ባይወሰድ ጥናቱ በሙሉ ሊቋረጥ፣ የሌሎች ሠራተኞች ሥራም አብሮ ሊቀር ይችል ነበር።

ሱባኤውን በተመለከተ፣ በውስጥ ደንባችን መሠረት በሰሌዳ የተለጠፈ ጥሪ ለሠራተኛው እንደ ደረሰ ይቆጠራል።

ባለፈው ሳምንት ለስብሰባ ደምበጫ ደርሼ ነበር። ቤትዎ ተከራይ ገብቶበታል። ድረስና እኔ የምንተኛበት የጓሮው ክፍል በሩ አረንጓዴ ተቀብቷል። አንዱን ጋቢ ስንጓተት እርስዎ ከወዲያ ሆነው «ነገ መቀስ አመጣላችኋለሁ» ይሉን የነበረው ትዝ አለኝ። ለመግባት ፈቃድ አልጠየቅሁም።

አክባሪ ልጅዎ
ዘመንፈስቅዱስ


ጎተንበርግ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘመንፈስቅዱስ፤

ሰላም ለቤትህ ይሁን። የጥቅምቱን ደብዳቤዬን ያነበብኸው በላክሁበት ቀን ነው። መሲ በስልኳ ላይ ሁለት የራይት ምልክት አሳየችኝ፤ «አይቶታል ማለት ነው» አለችኝ። እኔ ስታርም አንድ ራይት ነበር የምሰጠው፣ እሱንም ለሠራ። አንተ ሁለቱን ይዘህ ሠላሳ ሦስት ቀን ምን ስትሠራ ቆየህ?

ደውዬ ልጮኽብህ እችል ነበር። መጻፍ የመረጥሁት በስልክ የተባለ ነገር ነፋስ ስለሚወስደው ነው። የጻፍኸውን ግን አስቀምጬ መልሼ እጠይቅሃለሁ። አሁንም እጠይቅሃለሁ፦ ፈቃድ ሳይጠይቅ ነው የሄደው? «የሰው ሀብት ኃላፊው» ያልኸኝስ ሰው ማን ነው? በቤቴ ሰባት ዓመት እንጀራ የበላ ሰው ይመስለኛል፤ ስሙን ለመጥራት ለምን አፈርህ?

ሥራውን መልሱለት ብዬ አልለምንህም። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። የአሥራ አንዱን እናቶች ስም ለእኔ አትላክ፤ ምስጢር ነው ትለኛለህ፣ ልክም ነህ። አንተ ግን በርህን ዝጋና እንደ ተማሪ ስም መጥሪያ አንድ በአንድ ጮክ ብለህ አንብበው። ሰው በዓይኑ የሚያልፈውን ጆሮው ይይዘዋል፤ ክፍል ውስጥ የማይገኝ ተማሪ የተመዘገበ እንደሆነ እኔ የማውቀው እንዲህ ነበር። ልጄ የሌለ ሰው አይጽፍም። ካልጻፈ ደግሞ ሴቶቹ አሉ።

እዚህ በረዶ ወርዷል። ድረስ ከውጭ ሲገባ ጫማውን ደፉ ላይ ሁለት ጊዜ መትቶ ጭቃ እንደሚያራግፍ ታስታውሳለህ? የጎረቤታችን ሰውዬ በረዶውን ልክ እንደዚያ ያራግፋል። ሁለት ጊዜ። በሰማሁ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሣለሁ።

ጥሩብርሃን


ደብረ ማርቆስ
የካቲት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለእትዬ ጥሩብርሃን፤

ጤናዎ እንዲበረታ በየዕለቱ እመኛለሁ። ያዘዙኝን ያደረግሁት ታኅሣሥ 6 ቀን ነው፤ የምጽፍልዎ ዛሬ ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ በሥራ መብዛት ማሳበብ አልፈልግም።

በሬን ዘግቼ ዝርዝሩን ጮክ ብዬ አነበብሁ። አራተኛው ስም ላይ ቆምሁ። ለቁርባን ስንቀርብ ካህኑ የሚጠይቀን ዓይነት ስም ነው። አምስተኛውም እንደዚያው፤ እስከ አሥራ አንደኛው እንደዚያው፤ ሳላስተውል ያለፍኋቸው ሦስቱም እንደዚያው። የክርስትና ስም ናቸው። ይህን ስም እናትና የንስሐ አባት እንጂ የቀበሌ ጸሐፊ ከየት ያውቀዋል? የማረጋገጫ ቡድኑ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ተመለሰ እንጂ፣ በመጠይቁ ላይ ወደተመለከቱት ቤቶች አልሄደም። ሦስታችንም የኮሚቴ አባላት ክርስትና ተነሥተናል። ዝርዝሩን ግን በዓይናችን ብቻ አለፍነው።

ጥር 20 ቀን በራሴ ጊዜ ወደ ደምበጫ ሄድሁ። መጠይቁ «ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ሦስተኛው ቤት» ይላል። አንዲት ሴት ደጇ ላይ ገብስ ታሰጣ ነበር። ስሟን እንድጽፍልዎ ፈቅዳልኛለች።

«ወለተ ኪዳን የሚባሉ እናት እዚህ ይኖራሉ?» አልኋት።

እጇን ከገብሱ ሳታነሣ ትኩር ብላ አየችኝ። «ይህን ስም ማን ሰጠህ?»

«ወረቀት ላይ አገኘሁት።»

«እኔ ነኝ። ለቀበሌው ዘቢደር ነኝ፤ ለእግዚአብሔር ወለተ ኪዳን። ያ ዲያቆን ደህና ነው? ወሬው ጠፋብን።»

ስለሞተችባት ሕፃን ሲጠይቃት እንዳለቀሰች፣ ዲያቆን መሆኑን ስታውቅ በጸሎት እንዲያስባት የክርስትና ስሟን እንደነገረችው፣ በወረቀቱም ላይ እሱኑ እንዲጽፍ እንደለመነችው ነገረችኝ። «የሐዘኔን ነገር በዓለም ስሜ ጽፎት ቀበሌ እንዲያነበው አልፈለግሁም» አለች። በቀበሌ ተፈልጋ እንዳልተገኘች ብነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ጠፋሁ ተባልሁ? አንተ ወንድሜ፣ ከተዳርሁ ወዲህ ከዚህ ቤት ወጥቼ ገበያ እንጂ ሌላ አገር አላየሁም። የት ልጥፋ?» ከዚያም ሳቋን አቋርጣ፣ «እሱን አጠገባችሁ ያለውን መጠየቅ ከብዷችሁ ነው እኔን ፍለጋ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው?» አለችኝ።



እስከ ጥር 28 ድረስ አሥራ አንዱንም አገኘኋቸው። ከስልሳ አራቱ እናቶች ጨቅላ የሞተባቸው አሥራ አንድ ናቸው፤ በስም ያልተገኙትም እነዚሁ ናቸው። «ተጠያቂዋ በመረጠችው ስም ትመዝገብ» የሚለው መመሪያም የራሳችን ነው፤ ድረስ የሠራው በመመሪያው ነው።

የካቲት 1 ቀን ለአቶ እንዳላማው በቃል አስረዳሁ። በጥሞና ሰሙኝ። «ዘመንፈስ፣ ይህ እኮ የተዘጋ ፋይል ነው» አሉኝ። «ለአጋሩ ሰውየው ተሰናብቷል ብለን ጽፈናል። አሁን ደግሞ የተሳሳትነው እኛ ነን ልንል ነው? በገዛ ፈቃዱ ለቋል የሚል ደብዳቤ እንስጠውና ይገላገል።»

«በገዛ ፈቃዱ አልለቀቀም።»

«ታዲያ አንተ ያኔ የት ነበርህ?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ በእርግጥ ማወቅ የፈለጉ ይመስል ነበር።

አክባሪ ልጅዎ
ዘመንፈስቅዱስ


ጎተንበርግ
የካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ዘመንፈስቅዱስ፤

ስለ ድካምህ አምላክ ዋጋህን ይክፈልህ። ሴቶቹ እንዳሉ ባነብብ ወረቀቱን ለሕፃኗ ሳይቀር አሳየኋት። አሥራ አንድ ሰው ጠፍቶ አሥራ አንዱም ተገኘ። የእኔ አሥራ ሁለተኛ ግን አልተገኘም።

ከዚህ በፊት የጠየቅሁህን ሁሉ ትቼዋለሁ። ከድርጅትህ ደብዳቤ አልፈልግም፤ ይቅርታም አልፈልግም። ድምፁን ነው የምፈልገው። «እማዬ» ብሎ ዝም ቢል ይበቃኛል፤ ቀሪውን እኔ እናገራለሁ። ፈልግልኝ። ለምን እንደማይደውልልኝም ጠይቅልኝ። ምን በድዬው ነው?

የፈቃዱን ነገር ሁለት ጊዜ ጠየቅሁህ፣ ሁለት ጊዜ ዘለልኸው። ፈተና ላይ ጥያቄ የሚዘልል ልጅ መልሱ ያልመጣለት ነው። አንተ ግን ጥያቄ የምትዘልል ልጅ አልነበርህም። ሦስተኛ አልጠይቅህም።

ጥሩብርሃን


ደብረ ማርቆስ
መጋቢት 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለእትዬ ጥሩብርሃን፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ዘመንፈስቅዱስ ነኝ፤ «የሰው ሀብት ኃላፊው» ያልሁዎትም ሰው እኔው ነኝ።

ድረስን አግኝቼዋለሁ። ጤነኛ ነው። ከመርጡለ ማርያም የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ባለች ቤተ ክርስቲያን ንባብ ያስተምራል። መጋቢት 16 ቀን ስደርስ ከወይራ ጥላ ሥር ተማሪዎቹን ያስነብብ ነበር። ሲያየኝ አልደነገጠም።

«ዘመኔ! ጫማህ እንዲህ አቧራ ሲበላ አይቼ አላውቅም። ተቀመጥ፣ ይህ ድንጋይ የእንግዳ ነው» አለኝ።

የሴቶቹን ነገር ነገርሁት። «ዘቢደር በረታች?» ብሎ ጠየቀኝ እንጂ ስለ ራሱ አልጠየቀም። እርስዎ ያዘዙኝን ጥያቄ አቀረብሁለት፦ እናትህ ምን በድለውህ ነው የማትደውልላቸው?

እንዲህ አለኝ። «እናቴን ታውቃታለህ። ብደውል ትጠይቀኛለች። በአዲስ ዓመት ሥራ በዝቶብኛል ብዬ አመለጥኋት፤ ዳግመኛ ከጠየቀችኝ አልዋሻትም። ካልዋሸኋት ደግሞ ፈቃዴን የፈረመው ማን እንደሆነ፣ ተጠርቶ አልቀረበም ብሎ የፈረመውም ማን እንደሆነ ልነግራት ነው። አንተንም እንደ እኔ ነው ያሳደገችህ። በአንድ ቀን ሁለት ልጅ ከምታጣ አንዱ ይጥፋ አልሁ።»

«እኔ ብነግራቸውስ?»

«ያኔ ምን የምደብቀው አለኝ? ደርሷታል በለኝ፤ በዚያው ቀን እደውላለሁ።» ከዚያም ፈገግ ብሎ፣ «አንተ ግን ለመጻፍ ወር ይፈጅብሃል» አለኝ።

ስምንት ቀን ፈጅቶብኛል። በጥቅምቱ ዝርዝር ያስቀረሁትን በቀኑ ቅደም ተከተል እነሆ።

ሐምሌ 28 ቀን 2014፦ ድረስ ከነሐሴ 1 እስከ 16 የዓመት ፈቃድ ጠየቀ። በምክንያቱ ቦታ «ሱባኤ፤ ስልኬ ዝግ ይሆናል» ብሎ ጻፈ። ፈቀድሁ፤ ፈረምሁ። ወረቀቱን ስመልስለት «ለእኔም ጸልይልኝ» አልሁት።
ነሐሴ 5፦ ጥሪውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በሰሌዳው ላይ የለጠፍሁትም እኔ ነኝ። ሰሌዳው ከቢሮዬ በር አጠገብ ነው። የፈቃዱ ቅጽ በመሳቢያዬ ነበር።
ነሐሴ 13፦ ቡሄ ነበር፤ ከግቢው ውጭ ሆያ ሆዬ ይባላል። ፍልሰታ ላይ መሆናችንን ማንም አልዘነጋም። አቶ እንዳላማው «ልጁ የት አለ?» ብለው ጠየቁ። «አልቀረበም» አልሁ። ይህ እውነት ነበር። «ፈቃድ ላይ ነው» ማለትም እውነት ነበር። ዘመዴ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አዳላ እንዳልባል ፈራሁና ለማንም ሠራተኛ የማደርገውን ለእርሱ ነፈግሁት። ፈረምሁ።
ነሐሴ 17፦ ጠዋት በሩ ላይ ጥበቃው ደምለው መታወቂያውን ተቀብሎ ደብዳቤውን ሰጠው። ድረስ ገና ደብዳቤውን ሳይከፍት «በዓል እንዴት ነበር ደምለው?» ብሎት ነበር። ቆሞ አነበበው። ቀና ብሎ ወደ መስኮቴ አየ። እኔም አየሁት። አልወረድሁም።
መጋቢት 20 ቀን 2015፦ ከላይ ያለውን ሁሉ ከፈቃዱ ቅጽ ቅጂ ጋር አያይዤ፣ ውሳኔው እንዲሻር፣ ስሙም በደምበጫ በይፋ እንዲመለስ ለድርጅቱ በጽሑፍ አመለከትሁ። መልስ አልተሰጠኝም። የእኔ ጉዳይ ለኮሚቴ መመራቱን ከሰው ሰምቻለሁ፤ ሰሌዳውን በየጠዋቱ አያለሁ።

በእርስዎ ቤት ያ አረንጓዴ የተቀባ በር ገና ቀለም ሳይነካው፣ የእኔና የድረስ ጫማ ከደፉ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጥ ነበር። የሁለቱን ጭቃ የሚያራግፈው እርሱ ነበር። እርስዎ ድምፁን ሲናፍቁ፣ እኔም ያን ደፍ ስናፍቅ ከርሜአለሁ፤ መናፈቄን ለመጻፍ ግን መብት አልነበረኝም። ይህን አንብበው ሲያበቁ መሲ ቃል ትላክልኝ፤ ለድረስ የማደርሰው ያንን ቃል ብቻ ነው።

ከሪፖርቱ እስከ ውሳኔው ዘጠኝ የሥራ ቀናት ነበሩን። በእነዚህ ቀናት ወደ ሴቶቹ ቤት አልሄድንም። ስማቸውን ጮክ ብለን አላነበብንም። ሱባኤው እስኪያበቃ የቀረውን አራት ቀን አልጠበቅንም። ድረስን አልጠየቅነውም።